ጥቅልሉ ለምን ጥራዝ ሆነ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በጥንቱ የግሪክና የሮም ዓለም መጽሐፍ ማለት ጥቅልል እንደ ነበር እናነባለን። ዛሬ የምናውቀው፣ በአንድ ጎኑ ተሰፍቶ ገጽ በገጽ የሚገለጠው መጽሐፍ በምን ምክንያት ተተካ? ክርስቲያኖች ናቸው የለወጡት የሚባለውስ እውነት ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጥራዝ ስለሚሻል አሸነፈ» የሚል ነው። ይህ መልስ ፈጽሞ ስሕተት ባይሆንም ዋናውን ጉዳይ ይሸፍነዋል፤ ምክንያቱም ጥራዝ በሮም ገበያ ከታየ በኋላ ጥቅልልን እኩል ለመስተካከል ብቻ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ብልጫው እንደ ዛሬው ለሁሉም ግልጽ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልዘገየ ነበር። እኔ የምቀበለው ማብራሪያ፣ የመጽሐፉ ቅርጽ የተለወጠው ሰዎች ከመጽሐፍ የሚፈልጉት ነገር ሲለወጥ ነው የሚለው ነው። ይህን ለማሳየት ግን በመጀመሪያ ጥቅልሉን ራሱን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ ጥቅልል በብዛት የሚሠራው ከፓፒረስ ነበር። ተክሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እርሱ ነው። የግብፅ ሠራተኞች የደንገሉን አገዳ ልጠው ነጩን ውስጡን በስሱ ይሰነጥቁና፣ አንዱን ረድፍ በቁመት ሌላውን ረድፍ በአግድም አነባብረው ይጫኑታል፤ ተጣብቆ ሲደርቅም ይወለውሉታል። እንዲህ የተዘጋጁት ሉኮች ጠርዝ ለጠርዝ እየተጣበቁ ጥቅልል ይሆናሉ። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ጻፈው፣ ከፋብሪካ የሚወጣ አንድ ጥቅልል ከ20 ሉክ አይበልጥም ነበር። ዘዴው በፕሊኒ ዘመን እንኳ እጅግ ያረጀ ነው፤ በሳቃራ፣ ሄማካ በተባለ ባለ ሥልጣን መቃብር ውስጥ የተገኘው ያልተጻፈበት ጥቅልል ዕድሜው ወደ 5,000 ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ ጥራዝ የተገዳደረው ሦስት ሺህ ዓመት ያገለገለንና እንከኑ በልማድ የተሸፈነን ዕቃ ነው።

ጥቅልል የሚነበበው በሁለት እጅ ነው። አንባቢው በቀኝ እጁ ያልተነበበውን እየተረተረ፣ በግራ እጁ የተነበበውን እየጠቀለለ ይሄዳል፤ ጽሑፉም ጎን ለጎን በተሰለፉ ጠባብ ዓምዶች የተጻፈ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ፣ ኢየሱስ በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲቀበል «ተረተረ»፣ ሲጨርስም «ጠቅልሎ» ለአገልጋዩ ሰጠው የሚለው ይህንኑ የእጅ ሥራ በትክክል የያዙ ቃላትን መርጦ ነው። አንባቢው ከጨረሰ በኋላም ለሚቀጥለው ሰው መልሶ መጠቅለል ይጠበቅበታል። ይህን ሲያደርጉ ጫፉን በአገጭ ይይዙት እንደ ነበር የምናውቀው ባለቅኔው ማርቲያሊስ በአገጭ ተፈትጎ ያልሻከረ አዲስ መጽሐፍን በአንድ ግጥሙ ስለሚያነሣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ለተማሪዎቼ ለማሳየት ስል ከወፍራም ወረቀት ከ7 ሜትር የሚበልጥ ጥቅልል አዘጋጅቼ ነበር። ርዝመቱን የመረጥሁት በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ከተገኘው ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ጋር እንዲቀራረብ ነው፤ ያኛው ከ17 የቆዳ ቁራጮች የተሰፋ፣ 54 ዓምድ ያለው፣ ርዝመቱ 7 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነው። አንዷ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀምራ ስታነብ ምንም ችግር አልገጠማትም፤ እንዲያውም ገጽ መግለጥ ስለሌለ ዓይኗ ሳይቋረጥ ከዓምድ ወደ ዓምድ ይሻገር ነበር። ከዚያ በኋላ በመካከል ያለ አንድ አንቀጽ ፈልጋ፣ መጨረሻው አካባቢ ካለ ሌላ አንቀጽ ጋር እንድታስተያይና ልዩነቱን እንድትጽፍ ጠየቅኋት። ጥቅልሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ አንዱን ጫፍ ሌላ ተማሪ ያዘላት፤ ሁለተኛው አንቀጽ ሲገኝ የመጀመሪያው ተጠቅልሎ ጠፍቶ ነበር፤ ብዕር የምትይዝበት እጅም አልተረፋትም። ጥቅልል ለተከታታይ ንባብ ምቹ፣ ለፍለጋና ለማስተያየት ግን አስቸጋሪ መሆኑን ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ አስተምሬ አላውቅም።

አሁን የሚነሣው ነገር የጥንቱ አንባቢ ምን ያህል ይፈልግ፣ ምን ያህል ያስተያይ ነበር የሚለው ነው። የግሪክ ጽሑፍ በቃላት መካከል ክፍተት አልነበረውም፤ ላቲኖቹም ቀድሞ በቃላት መካከል ያኖሩት የነበረውን ነጥብ በኋላ ጥለው የግሪኮቹን ልማድ ተከተሉ። ፊደላቱ ከዳር እስከ ዳር ተያይዘው ስለሚጻፉ ቃሉን ከቃል የሚለየው አንባቢው ራሱ ነው፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ድምፅ ይረዳዋል። (በግእዝ ጽሑፍ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ስለሚለይ የእኛ አባቶች ይህ ድካም እምብዛም አላገኛቸውም።) በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ጃንደረባው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው እንጂ አየው አይልም፤ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንኳ በድምፅ ያነብ ነበር። የእመቤቱ ስም ህንደኬ የሜሮዌ ንግሥታት መጠሪያ ስለ ነበረ ሊቃውንት ይህን ጃንደረባ ከኩሽ መንግሥት እንደ መጣ ያስባሉ፤ ያም ሆነ ይህ ስለ ዘመኑ የንባብ ልማድ የሚሰጠን ምስክርነት ውድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ማጋነን ማረም አለብኝ። አውግስጢኖስ በኑዛዜው፣ የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስ ዓይኑ ገጹን እየተከተለ ድምፁና አንደበቱ ግን ዝም ብለው ያነብ እንደ ነበር ጽፏል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች «በጥንት ዘመን በልብ ማንበብ አይታወቅም ነበር» ብለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 በአቴንስ በታየው የአሪስቶፋኒስ ኮሜዲ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ በመድረክ ላይ ትንቢት ለራሱ በዝምታ ያነብባል፤ ተመልካቹም በዚህ እንዲደነቅ አይጠበቅም። በልብ ማንበብ የታወቀ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ በተለይ በሀብታሞች ቤት የሚደመጥ ነገር ነበር፤ በማዕድ ጊዜ፣ በመታጠቢያ ቤት ወይም ከመኝታ በፊት የሚያነብ የሠለጠነ ባሪያ ያቆሙ ነበር። ሆሜርን ከአንድ ጥሩ አንባቢ አፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሚያዳምጥ ጌታ፣ የጥቅልሉ አስቸጋሪነት ከቶ አይታወቀውም። የሚጠቀልለውም እርሱ አይደለም።

በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ከተቀበረችው ከሄርኩላኒየም ከተማ፣ ከአንድ ባለጸጋ መኖሪያ ቤት 1,800 ያህል የከሰሉ ጥቅልሎችና ቁርጥራጮች ወጥተዋል። የዚያ ቤት ቤተ መጻሕፍት የጥቅልል ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ በ80ዎቹ አጋማሽ ማርቲያሊስ በሮም አዲስ ነገር ሲያስተዋውቅ እናገኘዋለን፦ ሆሜር፣ ቨርጂል፣ ሲሴሮና ሊቪ በትንንሽ የብራና ገጾች ተጠርዘው ለስጦታ የሚሆኑ መጻሕፍት፣ የራሱም ግጥሞች በአንድ እጅ ተይዘው ለመንገደኛ የሚመቹ። የሚሸጡበትን ሱቅ እንኳ፣ ከሰላም ቤተ መቅደስ በስተጀርባ ብሎ ጠቁሟል። እኔን የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ወይም በትክክል ልናገር፣ ያልሆነው። የሮም አንባቢ አልተከተለውም።

ለምን እንዳልተከተለው ለመረዳት የጥራዙን ትውልድ ማወቅ ይገባል። ጥራዝ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከማስታወሻ ሰሌዳ ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ሂሳባቸውን፣ ደብዳቤያቸውን፣ የልጆችን ትምህርት የሚጽፉት ሰም በተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰሌዳዎች በአንድ ጎን በክር ወይም በማጠፊያ ይያያዛሉ። ከቱርክ ጠረፍ ከሰመጠ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መርከብ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክንፍ ሰሌዳ ወጥቷል፤ ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ላቲኖች ለጥራዝ የሰጡት ስም «ኮዴክስ» ራሱ የዛፍ ግንድ ከሚል ቃል የተገኘ ነው። ሮማውያን በኋላ እንጨቱን በታጠፈ ብራና ተኩት፤ ቀለሙ ታጥቦ እንደገና የሚጻፍበት ቀላል ደብተር ሆነ። ሐኪሙ ጋሌን በ192 በሮም በደረሰው ቃጠሎ ስለ ጠፉበት መጻሕፍት ሲጽፍ፣ የመድኃኒት ቅመማ የተመዘገበባቸውን የታጠፉ ብራናዎች ይጠቅሳል። በጢሞቴዎስ ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ ጳውሎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ፣ መጻሕፍቱንና «ይልቁንም በብራና የተጻፉትን» እንዲያመጡለት ሲጠይቅ፣ የግሪኩ ጽሑፍ የተጠቀመው ከላቲን የተዋሰውን የዚህኑ የብራና ደብተር ስም፣ «ሜምብራና» የሚለውን ነው፤ የእኛ «ብራና» የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር እንደ መጣ የግእዝ ቋንቋ አጥኚዎች ጽፈዋል።

ስለዚህ ለተማረ ሮማዊ በጥራዝ የተጻፈ ቨርጂል ማለት፣ ዛሬ ለእኛ በሂሳብ ደብተር ላይ የተጻፈ ቅኔ እንደ ማለት ነበር። ለሥራ ይሆናል፤ ለክብር አይሆንም። ጥራዝ በእርግጥ መጽሐፍ ነው ወይ የሚለው ነገር በሕግ ሰዎች ዘንድ እንኳ የሚያከራክር ነበር። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሕግ ሊቁ ኡልፒያኖስ፣ አንድ ሰው «መጻሕፍቴን» ብሎ ቢናዘዝ በኑዛዜው ውስጥ ጥራዞችም ይጠቃለሉ እንደ ሆነ ይመረምርና፣ አዎን ይጠቃለላሉ ወደሚል ፍርድ ይደርሳል። ጥያቄው መነሣቱ ብቻ በዚያ ጊዜ መጽሐፍ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ጥቅልል እንደ ነበር ይመሰክራል።

ቁጥሮቹም ይህንኑ ያሳያሉ። ኮሊን ሮበርትስና ስኪት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ምሁራን በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ በአብዛኛው ከግብፅ አሸዋ የወጡትን የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ቅጂዎች በየዘመናቸው ቆጥረዋል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከመቶ አምስቱ እንኳ ጥራዝ አልነበሩም፤ በ300 ገደማ ሁለቱ እኩል ለእኩል ሆኑ፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከመቶ ዘጠና የሚጠጋው ጥራዝ ነው። የክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ከሚታወቁት የመጀመሪያ ቅጂዎች ጀምሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥራዝ ናቸው። በማንቸስተር የሚገኘው፣ መዳፍ የማይሞላው የዮሐንስ ወንጌል ቁራጭ በአንድ ገጹ ከምዕራፍ 18 ቁጥር 31 ጀምሮ፣ በጀርባው ደግሞ ከቁጥር 37 ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ ያው ጽሑፍ በሁለቱም ገጽ መቀጠሉ ከጥራዝ የተቀደደ ቅጠል መሆኑን ያረጋግጣል።

እንግዲህ ለጥያቄው ሁለተኛ ክፍል የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ክርስቲያኖች ጥራዝን አልፈጠሩትም፤ ነገር ግን ከማንም በፊት ሙሉ በሙሉ የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ምክንያቱን በተመለከተ ከቀረቡት አስተያየቶች አንዱ የወጪ ጉዳይ ነው፤ በሁለት ገጽ መጻፍ ከጸሐፊው ድካም ጋር ተደምሮ ወጪውን በሩብ ያህል ይቀንስ እንደ ነበር ስኪት አስልቷል። እኔን አላሳመነኝም። ከጥንታዊዎቹ የክርስቲያን ጥራዞች ብዙዎቹ ሰፊ ኅዳግ የተተወላቸውና ፊደላቸው ዘርዘር ያለ ነው፤ ፓፒረስ ለመቆጠብ የተጨነቀ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ሁለተኛው አስተያየት አራቱን ወንጌላት ወይም የጳውሎስን መልእክታት በአንድ ላይ ለመያዝ ጥቅልል አይበቃም የሚል ነው። ይህ ክብደት አለው፤ በ200 ገደማ የተጻፈው የጳውሎስ መልእክታት ጥራዝ 104 ቅጠል የነበረው ሲሆን 86ቱ ዛሬም አሉ። ሆኖም ከቀደምቶቹ ጥራዞች አንድ ወንጌል ብቻ የያዙም ስላሉ መነሻው ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም።

እኔ የማተኩረው በአነባበባቸው ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ኢሳይያስን ለሥነ ጽሑፍ ጣዕሙ ከዳር እስከ ዳር የሚያደምጡ ጌቶች አልነበሩም። ነቢዩ የተናገረውን ከወንጌሉ ጋር የሚያስተያዩ፣ ጥቅስ አውጥተው የሚከራከሩ፣ መልእክት ይዘው ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄዱ፣ ብዙዎቹም በሙያቸው ደብተር የለመዱ ሰዎች ነበሩ። ተማሪዬ በጥቅልሉ ላይ ያቃታትን ያንኑ ሥራ በየቀኑ ይሠሩ ነበር። ይህን የሚያጠናክርልኝ ጥራዝን ቀድመው የተቀበሉት ሌላ ወገን ሕግ አዋቂዎች መሆናቸው ነው። በ290ዎቹ የንጉሠ ነገሥታቱን ድንጋጌዎች ያሰባሰቡት ሁለቱ መጻሕፍት የተጠሩት በጥራዝነታቸው ነው፤ አውሮፓውያን ዛሬም የሕግ መጽሐፍን «ኮድ» የሚሉት ከዚሁ የተነሣ ነው። ጠበቃ ሕግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያነብም፤ የሚፈልገውን አንቀጽ ይገልጣል። ጥራዝ የአዳማጩ ሳይሆን የፈላጊው መጽሐፍ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ነው። አራቱን ወንጌላት በትንንሽ ክፍል ቆራርጦ ቁጥር ሰጣቸውና፣ አራቱም የሚናገሩትን፣ ሦስቱ የሚናገሩትን፣ ሁለቱ የሚናገሩትን፣ አንዱ ብቻ የሚናገረውን በ10 ሠንጠረዥ አሰለፋቸው። አንባቢው በኅዳጉ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ወደ ሠንጠረዡ ይመለሳል፤ ከዚያም በሌላው ወንጌል ያለውን ተመሳሳይ ቦታ ይገልጣል። በአራት ጥቅልል ይህን ማድረግ ጭንቅ ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት የሚጀምሩት በዚሁ ሠንጠረዥ ነው፤ ቁጥሮቹ በአምዶችና በቅስቶች መካከል በቀለም ተሰልፈዋል። የብራናው ዕድሜ በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ተገመተ፣ የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ገና ከሚታወቅበት ጊዜ ጀምሮ የፈላጊ መጽሐፍ ነበር ማለት እንችላለን።

ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን ልለይ። ከጥቅልል ወደ ጥራዝ የተደረገው ለውጥና ከፓፒረስ ወደ ብራና የተደረገው ለውጥ አንድ አይደሉም። የፓፒረስ ጥራዞች ነበሩ፤ የቆዳ ጥቅልሎችም ነበሩ። በ1945 በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ የተገኙት 13ቱ ጥራዞች ከፓፒረስ የተሠሩ ናቸው። አብዛኞቹም ሉኮቹ ሁሉ በአንድ ክምር ታጥፈው የተሰፉ ስለሆኑ የመካከሎቹ ቅጠሎች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሠሪው ጠርዙን ሲያስተካክል የመካከሎቹ ገጾች ከዳሮቹ ይጠብባሉ። ይህን ጉድለት ያስወገደው ሉኮችን በትንንሽ ንዑስ ጥራዝ ከፍሎ እርስ በርስ በክር ማያያዝ ነው። ያ የሰንሰለት ስፌት፣ ከሁለት የእንጨት ገበታ ጋር፣ በእኛ አገር በብራና ሠራተኞች እጅ እስከ ዛሬ አለ፤ የጥንቱን የግብፅ ጥራዝ የሚያጠኑ ሰዎችም የኢትዮጵያን አጠራረዝ በጥንቃቄ የሚመረምሩት ስለዚህ ነው።

ለውጡ ኪሳራም ነበረው። ጥቅልሉ ሲያረጅ ወደ ጥራዝ ያልተገለበጠ መጽሐፍ ጠፋ። በ357 ቴሚስትዮስ የተባለው ተናጋሪ፣ ንጉሡ በቁስጥንጥንያ አሮጌ መጻሕፍትን የሚገለብጡ ጸሐፍት መመደቡን አመስግኗል፤ ጄሮምም የቂሣርያ ቤተ መጻሕፍት ተበላሽቶ ወደ ብራና እንደ ተዛወረ ጽፏል። የሚገለበጠውን የሚመርጠው ግን የዘመኑ ፍላጎት ነው። ከሊቪ የሮም ታሪክ 142 መጻሕፍት የቀሩልን 35 ብቻ ናቸው፤ ሶፎክልስ ከጻፋቸው ከ120 በላይ ተውኔቶች ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ናቸው። ኪሳራው ሁሉ ከዚህ ለውጥ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራዎቹ ከጠፉባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ጥቅልልም ፈጽሞ አልጠፋም። አይሁድ በምኵራብ ኦሪትን የሚያነቡት ዛሬም ከጥቅልል ነው። ቤተ እስራኤል ግን ኦሪታቸውን በግእዝ በብራና ጥራዝ ጽፈው ጠብቀዋል፤ ቄሶቻቸውም ወደ እስራኤል ሲገቡ ይዘውት የገቡት ጥራዙን ነው። በአገራችን ጥቅልል የቀረው በክታብ ነው፦ ጠባብ የብራና ቁራጭ፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቀጣጥሎ፣ በጸሎትና በሥዕል ተሞልቶ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር በአንገት ይንጠለጠላል። ክታቡን የሚይዘው ሰው በውስጡ ቦታ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ሙሉው ጽሑፍ ከእርሱ ጋር መሆኑ ይበቃዋል።